ዘልዬ ያለፍኩት መስመር

ታኅሣሥ 12 ቀን 1956 ዓ.ም. እሑድ

አምስት ካሚዮን ባንድ ጊዜ ቆመ። ከባሕር ዳር ወደ አዲስ አበባ የሚወርዱ። ሾፌሮቹ ሁሉ እኛ ቤት። እግሬ እስኪቃጠል ስመላለስ ዋልኩ። በደብረ ማርቆስ የእስላም ሥጋ የሚበላበት ቤት ሌላም አለ፤ የእማዬን ቅቅል አንድ ጊዜ የቀመሰ ግን ወደ ሌላው አይሄድም። አባባ በጉን ያርዳሉ፣ እማዬ ታበስላለች፣ እኔ አቀርባለሁ። ከጉንደ ወይን ባሌን ፈትቼ ከተመለስኩ ወዲህ ሦስት ዓመት እንዲሁ ነው።

አንዱ ሾፌር "እትዬ ጠይባ፣ እጅዎን ይባርከው" አላት። ፈገግ አለች። እሷ ግን ምን በላች? ግማሽ ስኒ መረቅ። እሱንም በየጉንጩ ደረቷን እየያዘች…

ከሐምሌ ጀምሮ ነው። መጀመሪያ ሥጋ እምቢ አላት። ቀጥሎ እንጀራ። አሁን ከቀጭን ነገር በቀር አይወርድላትም። "እዚህ ላይ ይቆምብኛል" ትላለች። በኅዳር አዲስ አበባ ወስደናት ራጅ ተነሳች። ሐኪሙ አባባን ለብቻቸው አነጋገራቸው። ሲወጡ ለእኔ ብቻ "የሚደረግ ነገር የለም አለ" አሉኝ። ለእሷ አልተነገራትም። አታውቅም ማለት ግን አይደለም።

ማታ እቃ ስናጥብ አባባ ድንገት "ዘንድሮ ሐጅ እንሄዳለን" አሉ። ስንት ዓመት "የዛሬ ዓመት ኢንሻላህ" ሲባል የኖረ ነገር። እማዬ እጇን ከውኃው አላወጣችም። "እርስዎ ካሉ" አለች ብቻ። ዓይኗ ግን…

እኔ የታጠበውን ሳህን ደግሜ አጠብኩት።

ታኅሣሥ 21

ድሬሰር ውበቱ መጣ። ሆስፒታል የሚሠራው፣ ከቤታችን ጀርባ ያለው ጎረቤታችን። ለእማዬ የሚጠጣ መድኃኒት ይዞላት። ወደ በሩ ስሸኘው "መንገዱን ትችለዋለች?" ብዬ ጠየቅኩት። "አሁን ከሄደች ትችል ይሆናል። በቆየች ቁጥር ግን ይከብዳታል" አለኝ።

በቆየች ቁጥር።

ጥር 3 እሑድ

ለአብዱልዋሂድ ደብዳቤ ጻፍን። የእማዬ የእህቷ ልጅ ነው፤ ምጽዋ ወደብ ላይ ጸሐፊ ሆኖ ይሠራል። በአውሮፕላን የሚሄዱ ሐጃጆች አሉ፤ እኛን የሚቻለን መርከብ ነው። አባባ የፈለጉት መርከቡ መቼ እንደሚነሳና ምን ወረቀት እንደሚያስፈልግ ነበር። እማዬ ከወጥ ቤት ሆና አቋረጠቻቸው።

"የሚያበስለው ማን እንደሆነ ይጻፍልን በይው።"

ጻፍኩ።

"የሚያርደው እስላም ነው ወይ? በምን ዘይት ነው የሚሠሩት? ሾርባ አለ ወይ? ካለስ ትኩስ ነው ወይስ የቀዘቀዘ?"

አባባ ሳቁ። "ሐጅ ነው የምንሄደው ወይስ ሠርግ?"

"መርከቡ ሁለት ከሆነ ምግቡ በሚሻለው እንሄዳለን" አለች። "ሠላሳ ዓመት መንገደኛ አበላሁ። መንገደኛ ምን እንደሚቸግረው እኔ አውቃለሁ። የቀረውን አላህ ያውቃል።"

ሁለቱም ማንበብ አይችሉም። አባባ ቁርኣኑን በቃላቸው ነው የያዙት። ስለዚህ ጽፌ ስጨርስ ድምፄን ከፍ አድርጌ አነበብኩላቸው። እማዬ "ጨው አይብዛበት የሚለውንስ?" አለችኝ። ጨመርኩ።

ጥር 7

ረመዳን ገባ። እማዬ ዘንድሮ አትጾምም። ሼሁም ውበቱም ተስማምተው ከልክለዋታል። ስኒዋን ይዛ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ትጠጣለች። እንዳናያት ነው።

ጥር 22 ዓርብ

ይህን የምጽፈው ለማን ነው? ለማንም። እንግዲያው ልጻፈው።

ደብዳቤው መጣ። ፖስታ ቤት ሄጄ ተቀበልኩ። ደጁ ላይ፣ አጥሩን ተደግፌ ከፈትኩት። ሁልጊዜ አስቀድሜ ነው የማነበው፤ እነሱ ፊት እንዳልደናቀፍ።

ሁለት መርከብ አለ። አንደኛው "ፈትሑል ኸይር" ይባላል። የዓደን ሰዎች ነው። የካቲት 22 ይነሳል። በየመን ወደብ በሆዴይዳ ዞሮ ስድስት ቀን ይፈጅበታል። ምግቡ በቀን አንድ ጊዜ፣ ሩዝና ደረቅ ዓሣ፣ በበርሜል የተቀቀለ። የፈለገ ከሰል ምድጃውን ይዞ መርከቡ ላይ ያበስላል። ሁለተኛው "ስቴላ" ነው። የጣሊያኖች። መጋቢት 27 ተነስቶ በሁለት ሌሊት ጅዳ ይገባል። ለሐጅ ጊዜ ብለው የሆዴይዳ ሰው፣ እስላም አብሳይ ቀጥረዋል። ምግብ ቤት አለው፤ ጠረጴዛ፣ ነጭ ጨርቅ። በቀን ሦስት ጊዜ ይቀርባል። ሾርባ፣ ወተት፣ ትኩስ ዳቦ።

ከዚያ በታች እንዲህ ይላል። እንዳለ ልገልብጠው። "አክስቴ በሕመም ላይ እንዳሉ ሰምቻለሁ። እውነት ከሆነ በስቴላ አትመኩ። ሰው ሲሳፈር ሐኪም ይመረምራል፤ የታመመ አያሳፍሩም። ለእሳቸው የሚሆነው ፈትሑል ኸይር ነው። ምግቡ ክፉ ነው፤ ግን የሚጠይቅ የለም። ስንቃቸውን ይዘው ይምጡ።"

ሁለት ጊዜ አነበብኩት። የካቲት 22… አንድ ወር። በአንድ ወር ውስጥ ትሄዳለች ማለት ነው። ስድስት ቀን በባሕር ላይ። እዚያ ብትሞትስ? በጨርቅ ጠቅልለው ውኃ ውስጥ ነው የሚጥሉት ሲባል ሰምቻለሁ። መካ ብትደርስና እዚያው ብትቀርስ? ለእሷ ደስታዋ ነው። ለእኔስ?

ቤት ስገባ እማዬ ለማፍጠሪያ ሾርባውን እያማሰለች ነበር። አባባ ተቀምጠዋል። "አንብቢው እስቲ" አሉ።

አነበብኩ። እዚያ መስመር ላይ ስደርስ ዘልዬ ወደ ሰላምታው አለፍኩ። ድምፄ እንኳን አልተንቀጠቀጠም።

አባባ "እኔ ስቴላ ይሻላል ባይ ነኝ" አሉ። እማዬ ግን ወዲያው አልተስማማችም። "ቀድሞ የሚነሳው ይሻል ነበር… መዲናም ሄደን በደንብ እንዘይር ነበር። ምድጃዬን ይዤ እሄዳለሁ። ለስድስት ቀን ምን አለበት።" ያኔ ነው እኔ ወረቀቱን እንደገና ዘርግቼ "እዚህ ላይ ደግሞ፣ ሾርባው በየቀኑ ይቀያየራል ይላል፤ አንድ ቀን የምስር፣ አንድ ቀን የዶሮ" ያልኩት። እንዲህ የሚል አልተጻፈም። ከራሴ ነው።

ማማሰሏን አቆመች። "በየቀኑ?"

"በየቀኑ።"

"አንድ ጊዜ እንኳን ሌላ ሰው ያበሰለልኝን ተቀምጬ ልበላ ይሆን?" አለች። ለእኛ ሳይሆን ለራሷ። "ይሁን። በስቴላ እንሂድ።"

ጾም ይዤ ዋሸሁ። ለእናቴ።

ጥር 29

ዛሬ ልናገር ነበር። ገበያ ቆመ፤ ሰው በዛ፤ ሳልናገር መሸ። ምክንያት አይጠፋ።

የካቲት 7 ቅዳሜ

ዒድ። ሰው ቤታችንን ሞላው። እማዬ አዲስ ቀሚሷን ለብሳ ቁጭ አለች፤ ቀሚሱ ሁለት እሷን ይይዛል። ለመጣው ሁሉ ስለ ስቴላ ታወራለች። ነጭ ጨርቅ የለበሰ ጠረጴዛ… በየቀኑ የሚቀያየር ሾርባ… ሾፌሮቹ እንኳን ያውቁታል። አንዱ "እትዬ፣ የሾርባውን አሠራር ጠይቀው ይምጡልን" አላት። "እጠይቃለሁ እንጂ" አለች። "ያንን ሰውዬ ወጥ ቤቱ ድረስ ገብቼ ነው የማየው።"

ጓሮ ወጥቼ ቆየሁ።

የካቲት 22 እሑድ

ዛሬ ፈትሑል ኸይር ተነሳ።

ከእንግዲህ ብናገር ምን ይጠቅማል? እንዲህ ብዬ ቀለል እንዲለኝ ጠበቅኩ። አልቀለለኝም።

የካቲት 30 ሰኞ

የክርስቲያኖቹ ዓቢይ ጾም ገባ። ጎረቤታችን ወይዘሮ አይናዲስ ተልባ በጥብጣ ይዛ መጣች። "ለጾሜ የሠራሁት ነው፤ ለጉሮሮ ይለሰልሳል ብዬ" አለች። እማዬ ሙሉውን ብርጭቆ ጠጣች። ሳይቆምባት። ከስንት ሳምንት በኋላ… ሁለቱም ባዶውን ብርጭቆ አዩት።

"ይህንን መርከቡ ላይ ያውቁት ይሆን?" አለች እማዬ።

"ለስንቅሽ እቋጥርልሻለሁ" አለች አይናዲስ።

እንዲህ ከጠጣች ደህና ትሆናለች። ሐኪሙም ያሳልፋታል። ለምን አያሳልፋትም? ትቆማለች፣ ትናገራለች፣ ትስቃለች። ራሴን እንዲህ እያልኩ አባብላለሁ።

መጋቢት 15

ቤቱ ተዘጋ። አባባ በሩ ላይ ሁለት ቁልፍ አደረጉበት። እኔ እስከ ምጽዋ ልሸኛቸው ነው፤ መንገድ ላይ የምትይዛት ሴት ያስፈልጋታል። ሰዉ ሁሉ "ዱዓ አድርጉልን" እያለ እስከ አውቶቡሱ ሸኘን። አይናዲስ አለቀሰች። እማዬ "ምን ያስለቅስሻል፣ ልበላ ነው የምሄደው" አለቻት።

መጋቢት 20 ኮምቦልቻ

ዓባይን ስንወርድ ራሷን ጉልበቴ ላይ አስደገፍኳት። ክብደቷ የልጅ ነው። አዲስ አበባ ሁለት ቀን አረፍን። ዛሬ እዚህ። አውቶቡሱ በሚቆምበት ሁሉ ወጥ ቤት ካላየሁ ትላለች። የኮምቦልቻዋን ባለ ምግብ ቤት "ድስትሽን ልይልሽ?" ብላ ገባች። ሽንኩርቱ ጨርሶ ሳይበስል ነው ሥጋውን የጨመርሽው አለቻት። ሴትየዋ ትቆጣለች ብዬ ስፈራ ወንበር አመጣችላት።

እሷ ግን የቀመሰችው የማንኪያ ጫፍ ነው።

መጋቢት 25 ምጽዋ

እንዲህ ያለ ሙቀት አይቼ አላውቅም። አየሩ ራሱ ላብ አለው። ባሕሩን እማዬ ረጅም ጊዜ ቆማ አየችው። "ዝም ብሎ ሜዳ ነው" አለች።

አብዱልዋሂድ አውቶቡስ ጣቢያ ጠበቀን። እማዬን ሲያያት ፊቱ ተለወጠ። ቤቱ አስገባን፣ ሚስቱ ውኃ አቀረበች። እኔን በረንዳ ላይ ጠራኝ።

"ጽፌልሽ አልነበር?"

የያዝኩትን የውኃ ብርጭቆ በረንዳው ላይ አስቀመጥኩት።

"ሰልማ፣ ደብዳቤው ደርሶሻል?"

"ደርሶኛል።"

"ታዲያ በዚያኛው ለምን አልመጡም? ድነዋል ብዬ ነው እኮ የሁለት ሰው ቦታ በስቴላ የያዝኩት።"

"አላነበብኩላቸውም" አልኩት። "ያንን መስመር አላነበብኩላቸውም።"

አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። "የመርከቡን ሐኪም አስተርጓሚ አውቀዋለሁ፤ አነጋግረዋለሁ" አለ። "ለእሳቸው ግን አንቺ ካልነገርሻቸው እኔ አልነግራቸውም።"

መጋቢት 27 እሑድ

መርከቡ ነጭ ነው። ትልቅ። እኔም እስከ መርመሪያው ክፍል እንድገባ ተፈቀደልኝ፤ ደግፌያት ነበርና። መሰላሉን ስትወጣ ሦስት ጊዜ አረፈች። ጉንጯን በነጠላዋ እያሻሸች፤ ቀላ ብሎ እንዲታይ ነው። ማን ነገራት? ማንም። ሌላ ሰው ሲመረመር አይታ ገባት።

ክፍሉ ከምግብ ቤቱ ጎን ነው። በሩ ተከፍቶ ነበር። ጠረጴዛዎቹ በመደዳ፣ ነጭ ጨርቅ ለብሰው፣ ሳህኑ ተገልብጦ። የሾርባው ሽታ እስከ እኛ ይመጣል። እማዬ አንገቷን ዘርግታ አየች። አሸተተች። "ዝንጅብል አብዝቶበታል" አለችኝ በጆሮዬ። "ግን ጥሩ አብሳይ ነው። ሽንኩርቱን በደንብ ነው ያበሰለው።"

ሐኪሙ ሸምገል ያለ ፈረንጅ ነው። ክፉ ሰው አይመስልም። እጇን ያዘ፣ አንገቷን ዳሰሰ፣ በመጨረሻ አንድ ብርጭቆ ውኃና ደረቅ ብስኩት አቀረበላት። ብይ አላት በአስተርጓሚው። ብስኩቱን ቆረሰች። አኘከች፣ ብዙ ጊዜ አኘከች። ውኃውን ጠጣችበት። ዓይኗን ጨፍና ያዘችው… ያዘችው። ከዚያ ተመለሰ። በነጠላዋ ተቀበለችው።

አስተርጓሚው "አይችሉም ይላል። ባሕር ላይ ኃላፊነት አልወስድም ይላል" አለ።

አባባ "ሁለት ሌሊት እኮ ነው" አሉ። ደጋግመው። "ሁለት ሌሊት ብቻ እኮ ነው ጌታዬ።" አብዱልዋሂድም ለመነ። ሐኪሙ ራሱን ነቀነቀ።

እማዬ ናት ያስቆመችን። "ተዉት። ሰውዬው ሥራው ነው።" ከዚያ ወደ አባባ ዞረች። "እርስዎ ይሂዱ።"

"አንቺን ትቼ?"

"ከእኔ ጋር ቢመለሱ ሁለታችንም ቀረን። ይሂዱ። እዚያ ሲደርሱ ስሜን ይጥሩልኝ። የሚበሉትንም ሁሉ ልብ ብለው ይዘው ይምጡ፤ አንድ በአንድ ይነግሩኛል።"

አባባ እጇን ይዘው ቆሙ። በሰው ፊት እጇን ሲይዙ አይቼ አላውቅም። መርከቡ ጮኸ።

እኔ ነኝ ያወረድኳት። መሰላሉን ስትወርድ አላረፈችም።

መጋቢት 30

እዚሁ አብዱልዋሂድ ቤት ነን። ወደ አስመራ እንውጣ፣ ይቀዘቅዛል አላት። "አባታችሁ በዚህ ነው የሚመጡት" ብላ እምቢ አለች። ባሕሩ በሚታይበት መስኮት ስር አልጋዋን አደረግንላት። ተልባ ትጠጣለች። እሱም አሁን አሁን ይቆማል።

ሚያዝያ 2 ዓርብ

ነገርኳት።

ፊቷን እያጠብኩላት ነበር። "እማዬ፣ አብዱልዋሂድ ጽፎ ነበር" አልኳት። "በስቴላ የታመመ አያሳፍሩም፣ በመጀመሪያው ትምጣ ብሎ። እኔ ሳላነብልሽ ዘለልኩት።"



"ደብዳቤው አለ?" አለች።

"አለ።" ሻንጣዬ ውስጥ ነው። ለምን እንደያዝኩት አላውቅም።

"አሁን አንብቢው። ከላይ ጀምረሽ፣ ሳትዘልዪ።"

አነበብኩ። ሰላምታውን፣ ሩዙን፣ ደረቁን ዓሣ፣ ነጩን ጨርቅ፣ ያንን መስመር፣ ሁሉንም።

"በየቀኑ የሚቀያየረው ሾርባ የታለ?"

"እሱን እኔ ነኝ የጨመርኩት።"

"እሱ ነው እኮ የወሰደኝ" አለች። በቀስታ። "እኔ በመጀመሪያው ልሄድ ነበር።"

"አውቃለሁ።"

"ለእኔ ብለሽ ነው ወይስ ለራስሽ?"

ለአንቺ ብዬ ነው ልላት አፌ ላይ መጣ። ባሕር ላይ እንዳትሞቺብኝ፣ ውኃ ውስጥ እንዳይጥሉሽ… "ለራሴ" አልኳት።

"እሱንስ እውነቱን ተናገርሽ።" ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች።

ሚያዝያ 4

ሁለት ቀን አላናገረችኝም። ውኃ ስሰጣት ትጠጣለች። እጄን አትገፋም።

ሚያዝያ 6

ጠዋት ጠራችኝ። "ለአባትሽ አንቺው ንገሪያቸው። ከሰው አፍ እንዳይሰሙ።"

"እነግራቸዋለሁ።" ከዚያ እግሯ ስር ተንበረከክኩ። "ይቅር በይኝ፣ አውፍ በይኝ እማዬ።"

"አውፍ ብያለሁ" አለች። "ማዘኑን ግን አልተውኩም። ሁለቱም አብሮ ይኖራል።"

ከሰዓት በኋላ የአብዱልዋሂድ ሚስት ያቀረበችልኝን ሩዝ አይታ "ብዪ እንጂ፣ ምን ታይኛለሽ" አለችኝ። ፊቷ ቁጭ ብዬ በላሁ። ስበላ አየችኝ፣ እስክጨርስ። እንደ ድሮው፤ የሰው ሳህን ባዶ ሲሆን እንደምታይ።

ሚያዝያ 9 ዓርብ

እማዬ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ዐረፈች። ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን።

ከጁምዓ በኋላ እዚሁ ምጽዋ ተቀበረች። ከአረፋ አራት ቀን ቀድሞ። አባባ አሁን መካ ናቸው። አያውቁም።

ሚያዝያ 13

አረፋ ዛሬ ነው፤ ሐጃጆች ሜዳው ላይ ቆመው የሚለምኑበት ቀን። አባባ ስሟን እየጠሩ ነው። እንድትድን እየለመኑ።

ግንቦት 4

ስቴላ ተመለሰ። አባባ ፀጉራቸውን ተላጭተው፣ ነጭ ለብሰው፣ ከስተው ወረዱ። "ሐጂ አብዱልቃኒ" ብሎ አብዱልዋሂድ እጃቸውን ሳመ። እማዬ ቤት ሆና የምትጠብቃቸው መስሏቸዋል። መንገድ ስንጀምር ጊዜ አልሰጡኝም።

"እንዳልረሳው ገና ሳልገባ ላውራሽ" አሉ። በጣታቸው እየቆጠሩ። "ስንሄድ የመጀመሪያ ቀን ማታ የምስር ሾርባ፣ ዝንጅብል የበዛበት። ሩዝ በዘቢብ። ጠዋት ዳቦ በማር፣ ወተት ያለው ሻይ። ምሳ ላይ የዓሣ ሾርባ፤ እሱን አልወደድኩትም፣ እንዳለ ነው የምነግራት። አብሳዩን አነጋገርኩት። ሥጋውን ቀድሞ በኮምጣጤ ያጥበዋል፤ ይህን ንገራት አለኝ…"

ላቋርጣቸው አልቻልኩም። አብዱልዋሂድ ራሱን አቀርቅሮ ይሄዳል። አባባ ስንመለስ የበሉትን ጀመሩ። ሁለተኛው ቀን ላይ ሲደርሱ ዞር ብለው ፊቴን አዩት።

እጃቸው እንደተዘረጋ ቀረ።

"መቼ?" አሉ።

"ከአረፋ በፊት። ዓርብ ቀን።"

መንገዱ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። የቀረውን የምግብ ዓይነት አልተናገሩም። እስከ ማታ።

ግንቦት 17 ደብረ ማርቆስ

ገባን። በሩን ስንከፍት ቤቱ ሸትቷል። አይናዲስ ሰማችና ሳትጠራ ገብታ እሳት አያያዘችልን። ሰው ለተዕዝያ፣ ለለቅሶ ይጎርፋል። "እንኳን ለሐጅ አበቃዎ" ይሉና መልሰው "አላህ ይርሐማት" ይላሉ። አባባ ለሁለቱም አንድ ዓይነት "አሚን" ነው የሚሉት።

አልነገርኳቸውም። ሰው ይቅለል እያልኩ።

ግንቦት 25

ነገርኳቸው።

ሰው የለም ነበር። ቢላቸውን እየሳሉ ነበር፤ ነገ ቤቱን ልንከፍት። ቁጭ ብዬ ሁሉንም ተናገርኩ፤ መስመሩን፣ ሾርባውን፣ ለእማዬ እንደነገርኳት፣ ያለችኝንም። መሳሉን አላቆሙም። ከዚያ አቆሙ።

"እንደዚያ ተብሎ ተጽፎ ነበር?"

"ተጽፎ ነበር።"

"ሐኪሙ ፊት ብስኩቱን ስታኝክ፣ አንቺ ታውቂ ነበር።"

"አውቅ ነበር።"

ቢላውን በጨርቅ ጠቀለሉት። "ወረቀቱን እኔ ራሴ ተቀብዬ ቢሆን እንኳን አይገባኝም ነበር" አሉ። "ዓይኔ አንቺ ነበርሽ።" ተነሥተው ወደ መስጊድ ሄዱ።

ባይመቱኝም፣ ባይረግሙኝም… ያቺ "ነበርሽ" የምትል አንዲት ቃል።

ሰኔ 2

ቤቱ ተከፍቷል። እኔ አበስላለሁ። ሾፌሮቹ ይበላሉ፣ ስለ ጣዕሙ ምንም አይሉም። አባባ ያቀረብኩላቸውን ይበላሉ። "ውኃ"፣ "ጨው"፣ "በሩን ዝጊ"። ከዚህ ሌላ የለም።

ሰኔ 8

ከአብዱልዋሂድ ደብዳቤ መጣ። ፖስታ ቤት አባባ ራሳቸው ሄደው ተቀበሉ። ይዘውት ሲገቡ እጄን በመቀነቴ ጠርጌ ተነሣሁ፤ ልማድ ነው። አጠገቤ አለፉ። በጓሮ በር ወጥተው ወደ ውበቱ ቤት ሄዱ። በአጥሩ ቀዳዳ አየኋቸው። ውበቱ ደጁ ላይ ቆሞ ያነባል፤ እሳቸው ጆሯቸውን አዘንብለው ይሰማሉ። ሲጨርስ "ድገመው" አሉት። ደገመላቸው።

ምን እንደሚል እኔ አላውቅም። ለመጀመሪያ ጊዜ ቤታችን የገባ ወረቀት ምን እንደሚል የማላውቅ እኔ ሆንኩ።

ሰኔ 12

ከአይናዲስ ሰማሁ። ደብዳቤው ስለሚመጣው ዓመት ሐጅ ነው። አባባ የራሳቸውን ሐጅ ስላደረጉ በእማዬ ስም ሊያደርጉላት ይችላሉ፤ በውበቱ እጅ አጽፈው አብዱልዋሂድን የጠየቁት እሱን ነበር። ሙታን የሚመረምር ሐኪም የለም።

ሰኔ 19 ዓርብ

ከጠዋት ጀምሮ ዝናብ። ካሚዮኖቹ ጭቃው ይዟቸው አልመጡም፤ ቤቱ ባዶ ነበር። አባባ ከጁምዓ ሲመለሱ ከጋቢያቸው ስር የፊደል ገበታ አወጡ። ከገበያ ነው የገዙት። ጠረጴዛው ላይ ዘረጉት፤ ጫፉ ረጥቧል።

"አስተምሪኝ" አሉ።

"ውበቱ…" ብዬ ጀመርኩ።

"ውበቱ ሥራ አለው። አንቺ ታውቂዋለሽ። ደብዳቤዬን ከእንግዲህ ራሴ ላንብብ።"

ተቀመጥኩ። ጣታቸውን ይዤ "ሀ" ላይ አደረግኩት። ጣታቸው ከባድ ነው። ሀ፣ ሁ፣ ሂ… ከሐጅ ከተመለሱ ወዲህ እንዲህ ብዙ ድምፅ ከአፋቸው ሲወጣ አልሰማሁም። ለ። ሐ። መ። ይረሳሉ፣ ይመለሳሉ። ጥቂት ወር ነው የሚፈጅባቸው። ከዚያ ይህንንም ደብተር ማንበብ ይችላሉ። ደብተሩ ያለበትን ሳጥኔን ስቆልፍ የኖርኩት ማን እንዳያየው ነበር? ዛሬ ሳልቆልፍ ተውኩት።

ሰ ላይ ስንደርስ ቆሙ። "ሠ ያልሽኝ ይህ ነው። ይህም ደግሞ ሰ ነው አልሽ። ድምፁ አንድ ከሆነ ለምን ሁለት አደረጉት?"

ትምህርት ቤት ምን ብለውን እንደነበር ለማስታወስ ሞከርኩ። አንድ ነገር ፈጥሬ ልላቸው እችል ነበር።

"አላውቅም" አልኳቸው።

ቀና ብለው አዩኝ።

"እሺ" አሉ። "አመንኩሽ።" ጣታቸውንም ወደሚቀጥለው ፊደል ወሰዱት።